የበግ ነው አልኋት

ከደብረ ታቦር ወደ አንበሳሜ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና ነርስ መሆኗን የነገረቻቸው ወጣት ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ወደ ልጅ ልጃቸው ክርስትና እየሄዱ ነው።

“እናቱ፣ ልጄ፣ የልብ በሽተኛ ነበረች” አሏት። “ሐኪሞቹ የተበላሸውን የልቧን በር ቀየሩላት።”

“በምን ቀየሩላት፣ አባባ?”

“ከአሳማ በተሠራ። ለመውለድ የሚሻላት እሱ ነው አሉኝ። እሷ ራሷን ስታ ነበር፤ እሺ ያልሁ እኔ ነኝ።”

“ስትድንስ ነገሯት?”

“የበግ ነው አልኋት።”



“ለነፍስ አባትዎስ?”

“ነገርኋቸው። ‘ነፍስ ማዳንህ ኃጢአት አይደለም፤ መዋሸትህ ግን ነው’ አሉኝ።”

“ታዲያ ለምን አይነግሯትም? ገላው የእሷ ነው እኮ። አንድ ቀን ሐኪም ቤት ስትሄድ ከሌላ ሰው ትሰማዋለች።”

“እውነትሽን ነው።”

“ትጠላኛለች ብለው ነው?”

“እኔንስ ትጥላኝ፣ ልጄ። የገዛ ልቧን እንዳትጠላው ነው የፈራሁት።”

መውረጃዬ ሲደርስ ‘ወራጅ አለ’ ማለት አቃተኝና አብሬያቸው አለፍሁ።