ለአንድ ቃል የሄደ ባርኔጣ

ጋዜጣ ላይ የተዘበራረቁ ፊደሎችን አስተካክሎ ቃል በማውጣት እንጅባራ ውስጥ የሚደርስብኝ የለም። ጎረቤቴ ባለሱቁ ለመጠቅለያ ከሚገዛው አሮጌ ጋዜጣ የጨዋታውን ገጽ ሁልጊዜ ያስቀርልኛል። ባለፈው የገበያ ቀን ግን ረስቶ ለአንዲት እናት ጥቁር አዝሙድ ጠቅልሎበት ሸኝቷቸዋል። ወዴት እንደሄዱ ጠይቄው ሮጬ መናኸሪያ ስደርስ የጥሊሊ ሚኒባስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ እባክዎ ወረቀቱን ይስጡኝ!»

«አዝሙዱንስ የት ላድርገው ልጄ?»

ባርኔጣዬን አውልቄ በመስኮቱ አቀበልኳቸው። አዝሙዱን ገልብጠውበት ወረቀቱን ሰጡኝ። እዚያው ቆሜ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። የመጨረሻውን ቃል እንዳገኘሁ «ይኸው!» ብዬ ቀና ስል ሚኒባሱ የለም።

ባርኔጣዬ ጥሊሊ ገብቷል። ምን ቸገረኝ? ጭንቅላቱ እኔ ጋ ነው።