ባልየው ያስተረጎመልኝ ቃል

መርማሪ ፖሊስ ነኝ ስል የማፍርባት አንዲት ቀን አለች። አዘና አካባቢ አንዲት ሴት የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ሞታ ተገኘች ተባለና ሄድኩ። እናቷ ከአዊኛ በቀር አይናገሩም፤ እኔ ደግሞ እንጅባራ ተወልጄ አድጌ አዊኛ አልሰማም። የሟች ባል ቀልጠፍ ብሎ «እኔ ላስተርጉምልዎት» ሲለኝ፣ ተገላገልኩ ብዬ እሺ አልኩት። እናትየው እያለቀሱ ተናገሩ። «አዳልጧት ገባች ነው የሚሉት» አለኝ። ጻፍኩና በጣት አሻራቸው አስፈረምኳቸው።

ስንመለስ፣ ይዞኝ የመጣውና በር ላይ ቆሞ ሲሰማ የነበረው የባጃጅ ሹፌር «እናትየው ያሉህ ገብቶህ ነበር?» አለኝ።

«አዳልጧት ነው አሉ።»

«‹ልጄን የገደላት ይኸው አጠገብህ የቆመው ነው› ነው ያሉህ። ሦስት ጊዜ ደጋገሙልህ።»

ሦስቱንም ጊዜ «እሺ እማማ፣ እግዜር ያጽናዎት» እያልኩ ራሴን ነቅንቄላቸዋለሁ።