የፖከር አሰልጣኙና የዶሮ ምላጭ አሳሪው

በዚያ ዓመት ሦስት አውሎ ነፋስ ተከታትሎ መጣ። የመጀመሪያው መረብ ወሰደ። ሁለተኛው ሙዙንና ኮኮናቱን ጣለ። ሦስተኛው ጣራ ገፈፈ፤ የመብራት ምሰሶ ሰበረ፤ ወደ ኢሎኢሎ ከተማ የሚወስደውን መንገድ ቆረጠ። ዓሣው ራቀ። ሩዝ በሰልፍ ሆነ። ስድስት ሳምንት መብራት አልነበረም። በመንደራችን ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ሕፃን ሞቱ፤ ሕፃኑን የገደለው የጉድጓዱ ውሃ ነው። ወንዶቹ ወደቡ ላይ ተቀምጠው ባሕሩን ያዩ ነበር።

እኔ ማውሮ እባላለሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል በዶሮ ግጥሚያ ሜዳ ሠርቻለሁ። ሥራዬ በአውራ ዶሮው እግር ላይ ምላጭ ማሰር ነበር። ከተውኩት ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ።

የክርስትና ልጄ ሬናንቴ ከጎኑ መቀመጫ የተገጠመለት ሞተር ሳይክል አለው። ሰው ያመላልስበታል። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ የሚበሉት ከዚያ ሞተር ነው። በስድስተኛው ሳምንት ሞተሩን ሊሸጥ እንደሆነ ሰማሁ። በገንዘቡ ምን ሊያደርግ ነው ብዬ ጠየቅሁ። ፖከር የሚሉትን የካርታ ቁማር ሊማር ነው አሉኝ።

በእኛ መንደር ፖከር ከተባለ ጆቬን ማለት ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሂሳብ ተምሯል። ዘጠኝ ዓመት በኢንተርኔት፣ መልካቸውን ከማያያቸው ሰዎች ጋር፣ በገንዘብ ካርታ ሲጫወት ኖሯል። የአሜሪካኖቹ ምሽት የእኛ ጠዋት ነውና አጥማጆቹ ከባሕር ሲመለሱ እሱ ሥራ ይጀምራል፤ ለምሳ ይነሣል። ለእናቱ የግንብ ቤት ሠርቷል። ኋላ ደግሞ ሌሎችን በክፍያ ማሰልጠን ጀመረ።

አንድ ጠዋት የእርዳታ ሩዝ ልቀበል ወደ ወደቡ ስሄድ ዝናብ ያዘኝ። ጀልባ መጠበቂያው ዳስ ሥር ገባሁ። ጆቬን ብቻውን ተቀምጧል። ላፕቶፑን ከማዘጋጃ ቤቱ ጄኔሬተር ጋር አገናኝቶታል።

«ታታይ ማውሮ፣ ወዲህ ጠጋ ይበሉ፣ እዚያ ያፈሳል» አለኝ። ታታይ በእኛ ቋንቋ አባባ ማለት ነው። የተጠበሰ ሙዙን ከፍሎ ሰጠኝ።

«የኢንተርኔቱ መስመር ተበጥሷል አይደል? ምን ትሠራለህ ታዲያ?»

«የድሮ ጨዋታዬን አርማለሁ። የተጫወትኩት ሁሉ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ስህተቴን እየፈለግሁ በቀይ አቀልመዋለሁ።»

«የተሸነፍክበትን?»

«የለም፣ ሁሉንም። ይቺን ይዩ። ካርታዬ ደካማ ነበር። ሰውየው ጠንካራ እንደያዘ ከአጨዋወቱ አውቄያለሁ። እያወቅሁ ያለኝን ገንዘብ ሁሉ ወረወርኩ። የመጨረሻዋ ካርታ አዳነችኝና አሸነፍኩ። ቀይ አድርጌያታለሁ። ይቺኛዋ ላይ ደግሞ የተሻለውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ገንዘቤን አስገባሁ፤ የመጨረሻዋ ካርታ ለእሱ መጣችና ተሸነፍኩ። ይቺ ንጹሕ ናት።»

«ያሸነፍክበትን ትቀጣለህ፣ የተሸነፍክበትን ታመሰግናለህ። ቶቶ፣ አንተ ልጅ፣ ይሄ ሙዝ ስኳር በዝቶበት ራስህን አዙሮታል።»

ሳቀ። «ሁሉም መጀመሪያ እንደዚያ ይለኛል፣ ታታይ። ካርታው በኋላ ምን ሆኖ እንደወጣ የእኔ ሥራ አይደለም። የእኔ ሥራ በዚያች ሰዓት ያወቅሁትን ይዤ የወሰንኩት ነው። ክፉ ውሳኔ አንዳንዴ ደህና ይወጣል። ደህና በመውጣቱ ግን ጥሩ ውሳኔ አይሆንም።»

«ማን አለ?»

«ዘጠኝ ዓመት የከሰርኩት ገንዘብ ነው ያስተማረኝ።»

ሙዜን ገመጥኩ። ቃሉ ለምን እንደነካኝ ለአንባቢ አሁን እነግራለሁ፤ ለእሱ ያን ጊዜ አልነገርኩትም።

የሬናንቴ አባት ቲቡርሲዮ አበልጄ ነበር። ሞተር ያላት ጀልባ ነበረችው። አንድ እሑድ ለአንድ ሀብታም ሰው ዶሮ ምላጭ ሳስር ቲቡርሲዮ አጥሩ ጋ መጣና «አበልጄ፣ ዶሮው እንዴት ነው?» አለኝ። የዶሮውን እግር የያዝኩት እኔ ነኝ። ጭኑ አብጦ ይፋጅ ነበር። በሜዳው ልማድ ግን ምላጭ አሳሪ ስለ ያሰረው ዶሮ ቃል አይተነፍስም፤ ከተነፈሰ ሁለተኛ አይጠራም። አንገቴን ደፍቼ ክሩን ጠመጠምኩ። ቲቡርሲዮ ዝምታዬን እንደ ደህና ቆጥሮት ጀልባዋን አስይዞ በዶሮው ላይ ተወራረደ። ዶሮው ግማሽ ደቂቃ አልቆየም፤ ጀልባዋም ሄደች።

በዚያው ሳምንት ሥራውን ተውኩ። ለቲቡርሲዮ ግን አልነገርኩትም። ምላጭ የታሰረለት ዶሮ አንካሳም ቢሆን አንዲት ምት ከቀናችው ይገድላል፤ ሲያሸንፍ አይቻለሁ። ስለዚህ ሊያሸንፍ ይችል ነበር እያልኩ ሃያ ሁለት ዓመት ራሴን አስተኛሁ። ይህ ወጣት አንድ የሙዝ ቁራሽ በልቼ ሳልጨርስ ቀሰቀሰኝ።

ዝናቡ በረታ። የመጣብኝን ሐሳብ ወደ ጎን አድርጌ ወደ ሌላው ጉዳይ ገባሁ።

«ሬናንቴ ሞተሩን ሊሸጥልህ ነው።»

«ለእኔ አይደለም የሚሸጠው፣ ታታይ።»

«ገንዘቡ የት ነው የሚገባው?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ለሦስት ወር ስልጠና። የቀረው ለመጫወቻ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትቆጣ። የሚያሸንፍ ሰው ለምን ያስተምራል? ዓሣው ያለበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው ለመንደሩ ሁሉ አይለፍፍም።»

«አልቆጣም። እውነቱን ነው የሚፈልጉት? ድሮ ጠረጴዛው ላይ ለመዝናናት የሚመጣ ሰው ሞልቶ ነበር። አሁን የቀረው የተማረው ነው፤ አንዳንዱማ ሰውም አይደለም፣ ኮምፒዩተር ነው። ሁለት ዓመት ሆነኝ ከመጫወት ያገኘሁት ወጪዬን ከሸፈነ። እናቴን የሚያበላት ስልጠናው ነው።»

«እስከ ዛሬ ስንት ሰው አሰለጠንክ?»

«ስልሳ አንድ።»

«ስንቱ በዚህ ይኖራል?»

ላፕቶፑን ከደነው። «አራት።»

«ሬናንቴ ያውቃል?»

«አልጠየቀኝም።»

«ማስታወቂያህ ላይስ ተጽፏል?»

«ታታይ፣ ይሄን የሚጽፍ አሰልጣኝ የለም። ሁሉም ያሸነፈበትን ወር ነው የሚለጥፈው። እኔ ብቻዬን ብጽፍ ሰው ወደ ሌላው ይሄዳል እንጂ አይድንም። ደግሞ ሬናንቴ ትልቅ ሰው ነው፤ ገንዘቡን እኔ አልጠብቅለትም።»

«እኔም እንደዚህ ብዬ ነበር።»

«መቼ? ለማን?»

«ተወው። አንተ ራስህ አሁን ያስተማርከኝን ልጠይቅህ። ሬናንቴ ከአራቱ ጋር ሊቆጠር ይችላል፤ ካርታ ነው፣ አይታወቅም። ግን ዛሬ፣ በዚህች ሰዓት፣ አንተ የምታውቀውን ይዘህ ገንዘቡን ብትቀበል ያቺን ውሳኔ ምን ታቀልማታለህ?»

ጣራው ላይ ዝናቡ ይንጫጫል።

«ቀይ» አለ። ከዚያ ፈገግ ሊል ሞከረ። «አራተኛ ክፍል ነኝ ይላሉ ደግሞ።»

ነገሩን ሳንጨርስ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ሬናንቴ ነው። ፕላስቲክ ለብሶ፣ ከፀጉሩ ውሃ እየተንጠባጠበ ገባ። ፊቱ ፈክቷል።

«አሰልጣኝ! ገዢ አገኘሁ! ነገ ገንዘቡ እጄ ይገባል። ኒኖንግ፣ እርስዎም እዚህ ነዎት? ሊማሩ ነው እንዴ? እንግዲህ አሜሪካኖቹ አለቀላቸው!»

ኒኖንግ እያለ የሚጠራኝ የክርስትና አባቱ ስለሆንኩ ነው።

ጆቬን ተነሣ። «ሬናንቴ፣ ቁጭ በል። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። ስልሳ አንድ ሰው አስተምሬያለሁ። በዚህ የሚኖሩት አራት ናቸው። አሥራ ሁለቱ ከነበራቸው ከግማሽ በላይ ጠፍቶባቸዋል። ሌሎቹ ትተውታል። እኔም ራሴ ዘንድሮ አላሸነፍኩም።»

«አምስተኛው እኔ ነኛ!»

«ስልሳ አንዱም እንደዚያ ብለውኛል።»

«አንተ ጠግበህ ስለ ረኃብ ታወራለህ። እኔ ከሦስቱ ማዕበል ወዲህ በቀን አራት ሰው አላጓጉዝም። ሞተሩ ቆሞ ከሚዝግ ዕድሌን ልሞክር። አባቴ እንደሆነ ዕድለ ቢስ ነበር፤ ራሱም እስኪሞት እንደዚያ ይል ነበር። የእኔ ዕድል ግን ገና አልተሞከረም። ኒኖንግ፣ ይንገሩት እስቲ!»

እንድናገር የጠየቀኝ እሱ ነው።

«አባትህ ዕድለ ቢስ አልነበረም» አልኩት። «ጀልባዋን ያስያዘበት ዶሮ ሕመምተኛ ነበር። ጭኑ ሲፋጅ በእጄ ይዤዋለሁ። አባትህ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ዝም አልኩት።»

ሬናንቴ የለበሰውን ፕላስቲክ ሊያወልቅ ጀምሮ ነበር። እጁ አንገቱ ላይ ቀረ።

«ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ግን... ሊያሸንፍ ይችል ነበር አይደል? አንካሳ ዶሮ ያሸንፋል ይላሉ።»

«ይችል ነበር። በዚያ ነው ሃያ ሁለት ዓመት ራሴን ያታለልኩት። አባትህን የጣለው የታመመው ዶሮ እንጂ የራሱ ዕድል አይደለም። የሚያውቀው ሰው አጠገቡ ቆሞ ዝም ብሏል። ልጄ፣ ቁማር ባለበት ሁሉ አንድ የሚያውቅ ሰው አለ፤ ሌላው ሁሉ የሚከፍለው የእሱን ዝምታ ዋጋ ነው።»

ሬናንቴ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ወደ እኔ አላየም። ወደ ጆቬን ዞረ።

«አንተስ ስለ እኔ የምታውቀው አለ? ካለ አሁን ጨርሰው።»

«አለ። ቤትህ የስድስት ወር ቀለብ የለም። የሚበላውን ይዞ የሚጫወት ሰው ትክክለኛውን ነገር እያወቀ እንኳ አያደርገውም፤ ልጁ የሚበላው ሩዝ በዓይኑ ይመጣበታል። ደግሞ ስትሸነፍ ትጣደፋለህ። ባለፈው በስልክህ ስትጫወት አይቼሃለሁ። ገንዘብህን አልቀበልም። መማር ከፈለግህ ሞተርህን እየነዳህ፣ ያለ ገንዘብ፣ በነጻ አሳይሃለሁ።»

«በነጻማ ዛሬ በቂ ተምሬያለሁ» አለ ሬናንቴ። «ለገዢው እደውላለሁ» አለና ስልኩን አወጣ። መስመር አልነበረም። «እንዲያውም ሄጄ እነግረዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ የሆነውን እዚህ ላይ ልጻፍ። መንገዱ ሲከፈት የእርዳታ ሩዝ የሚያጓጉዝ ጠፍቶ ነበርና የሬናንቴ ሞተር አራት ወር ሙሉ አልቆመም። ጆቬን ዛሬ በማስታወቂያው አናት ላይ የሚያስቀምጠው ስንቱ እንደተማረ፣ ስንቱ እንደከሰረ፣ እሱም የከሰረባቸውን ዓመታት ነው። የስድስት ወር ቀለብ ለብቻ ያላኖረውን፣ ሥራውን ለመተው የቸኮለውን አይቀበልም። ገቢው በግማሽ ቀንሷል፤ የእናቱ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ሳይለሰን ቀርቷል። ነገር ግን ከእርሱ ዘንድ ለመማር ጀልባ ወይም እንስሳ የሸጠ ሰው ከዚያ በኋላ የለም። ሥራን የሚያውቅ ሰው ክፉ ጎኑን ቀድሞ ቢናገር፣ የሚያጣው ደንበኛ ነው፤ ዝም ቢል ግን የሌላውን ቤት ያፈርሳል። እኔ ይህን የተማርኩት በሰባ አንድ ዓመቴ፣ ከልጅ ነው። አልኮራበትም። ቲቡርሲዮ በሕይወት ሳለ መማር ነበረብኝ።

የዚያን ቀን ዝናቡ ሲያባራ ሬናንቴ «ሞተሩ ላይ ይውጡ» አለኝ። የተቀበልኩትን ሩዝ ጭኖ ቤቴ አደረሰኝ። በመንገድ ላይ አልተነጋገርንም። ደጄ ስደርስ እንደ ልማዴ ሃያ ፔሶ ዘረጋሁ። ሞተሩን ከገዛ ጀምሮ አንድም ቀን ተቀብሎኝ አያውቅም፤ እጄን እየገፋ ይስቅብኝ ነበር።

ገንዘቡን አየው። ተቀበለኝ። ኪሱ ከተተና የአምስት ፔሶ መልስ ቆጥሮ ሰጠኝ።

«እውነቱን ነግረውኛል፤ ለአባቴ የነበረብዎት ዕዳ ተከፍሏል፣ ኒኖንግ» አለኝ። «ከእንግዲህ ግን እንደማንኛውም ሰው ሂሳብ ይከፍላሉ።»

ሞተሩን አዙሮ ሄደ።