ቁልፍ ሠሪውና የአንድ ቀን ትኬት

ተራራና ተራራ አይገናኝም፣ ሰውና ሰው ግን ይገናኛል ሲባል ሰምተናል። በዚያ ትልቅ ከተማ፣ በዚያ ሁሉ ግፊያ መካከል፣ ከሰው ሁሉ ተመርጣ መስኮታችንን የሰበረችው የጎረቤት ልጅ እንደምትገጥመን ግን የነገረን የለም። ጋሽ ይጣራን ያጋጠማቸው ይኸው ነው።

ጋሽ ይጣራ ቁልፍ ሠሪ ናቸው። ይጣራ እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም፤ የሰፈር ሰው ነው የለጠፈባቸው። ዝናብ ጀመረ ቢሏቸው እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ካላረጋገጡ አያምኑም። ሐኪም መድኃኒት ቢያዝላቸው «ይጣራ» ብለው ሌላ ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ፤ ሁለቱ ሐኪሞች ከተስማሙ ደግሞ «ተመካክረዋል» ይላሉ። ዕድሜ ልካቸውን የሰው በር ሲከፍቱ ስለኖሩ የማይከፈት በር እንደሌለ ያውቃሉ። ይህን የሚያውቅ ሰው ደግሞ እንቅልፍ የለውም።

ያን ዕለት ጠዋት ከባለቤታቸውና ከትንሿ የልጅ ልጃቸው ጋር ከትንሽ ከተማቸው መጥተው በትልቁ ከተማ አውቶቡስ ተራ ወረዱ። መጀመሪያ ኪሳቸውን ዳበሱ። ቀጥለው አጠገባቸው ተቀምጦ የመጣውን መንገደኛ ገላመጡት። ምስኪኑ ሰው መንገዱን በሙሉ ሲያንኮራፋ ነበር፤ እሳቸው ግን በጤናው እንዲህ አጥብቆ የሚተኛ ሰው የለም ባይ ናቸው።

የመጡት ለሁለት ቀን ነው። ሴት ልጃቸው ወልዳለችና አራሷን መጠየቅ፣ ሕፃኑንም ማየት አለባቸው። ባለቤታቸው ግን ሌላም ጉዳይ ነበራቸው። ታላቅ እህታቸው ከከተማው ማዶ በሚገኝ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ በማግስቱ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ይገባሉ። «ከመግባቴ በፊት ፊትሽን ልየው» ብለው ልከውባቸዋል። ጋሽ ይጣራ ይህን ነገር ገና አውቶቡሱ ላይ ሳሉ ፈርደውበት ነበር። ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፤ ከባቡር ወደ አውቶቡስ፣ ከአውቶቡስ ወደ ባቡር መቀያየር አለ፤ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ትኬት አለ። ስለዚህ ልጃቸውን ብቻ አይተው ይመለሳሉ፤ እህትየዋን ከዳኑ በኋላ ያዩአቸዋል። ባለቤታቸው መልስ አልሰጡም። ባልም ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠሩት። ባሎች በዚህ ይታወቃሉ።

ከከተማው ባቡር ጣቢያ መግቢያ ላይ ሲደርሱ ነው እንግዲህ «ጋሼ» የሚል ድምፅ ከኋላቸው የመጣው። ያችው በልጅነቷ መስኮታቸውን የሰበረችው፣ የጎረቤታቸው የልብስ አጣቢዋ ልጅ ናት። ሰፈር ውስጥ ምላጭ ይሏታል፤ የምትቆርጠው በምላሷ ነው። አሁን በከተማው የጤና ትምህርት ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ባለቤታቸውን እትዬን አገላብጣ ሳመች፣ የልጅ ልጃቸውን አንስታ አሽከረከረች፣ ከዚያ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀች። ጋሽ ይጣራ ምን እንደምትፈልግ ገና ሲያስቡ፣ ባለቤታቸው የልጃቸውንም የእህታቸውንም ነገር አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት።

«እንግዲያው የቤተሰብ የቀን ትኬት ይግዙ፣ ጋሼ» አለች ምላጭ። «አንዴ ከፍለው እስከ ማታ ባቡሩም አውቶቡሱም እንደ ልብዎ ነው። ልጅዎ ዘንድም ሆስፒታሉም ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ።»

«እንደ ልብ» አሉ ጋሽ ይጣራ። ቃሉን እንደ ሐሰተኛ ብር አገላብጠው ያዩት መሰሉ። «ለመሆኑ አንቺ ከዚህ ምን ይደርስሻል?»

«ለእኔ?»

«ይህን ስላሻሻጥሽ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ምንም አልሸጥኩም።»

«ከትኬት ቢሮው ጋር ትውውቅ አለሽ?»

«ሰልፉ ላይ ቆሜ መገፋት ትውውቅ ከሆነ፣ አዎ፣ በየቀኑ እንተዋወቃለን።»

ጋሽ ይጣራ ሻንጣቸውን በሁለት እግራቸው መካከል አስገብተው ቆሙ። መከራከር ሲጀምሩ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ ክርክር ላይ ያለ ሰው ሻንጣውን ይዘነጋል ብለው ያምናሉ።

«ስሚ ልጄ። እኔ ቁልፍ ሠሪ ነኝ። በሙያዬ አንድ በር አንድ ቁልፍ ነው ያለው። በር ሁሉ የሚከፍት ቁልፍ የያዘ ሰው ሱቄ ቢመጣ እኔ የምጠራው ፖሊስ ነው። አሁን አንቺ በየጣቢያው ያለውን በር የሚከፍት ወረቀት ግዛ ትይኛለሽ፤ ያውም በርካሽ። አሥር ጊዜ ግባና አንዴ ክፈል የሚል ነጋዴ አንድ የደበቀው ነገር አለ።»

ምላጭ የደበቀው ነገር እንደሌለ በትዕግሥት አስረዳች። ባቡሩ እሳቸው ቢሳፈሩም ባይሳፈሩም መሄዱ አይቀርም፤ ባዶ ወንበር ደግሞ ለማንም ገቢ አያስገባም። የባቡሩ ጽሕፈት ቤት ቤተሰብ በርከት ብሎ እንዲሳፈር ስለሚፈልግ ዋጋውን ዝቅ አድርጎታል፤ እሱም አይከስር፣ ተሳፋሪውም አይጎዳ። ይህንኑም ግድግዳው ላይ በትልቁ ጽፎ ለጥፎታል። ጋሽ ይጣራ ግድግዳውን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። በትልቁ የተጻፈ ነገር ከሥሩ በትንሹ የተጻፈ እንዳለው ያውቃሉ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለው ክርክሩን ዘጉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። መጠርጠር ነውር አይደለም፤ ጠርጥሮ የሚጠይቅ ሰው ራሱንም ቤቱንም ያድናል። የጋሽ ይጣራ ጥርጣሬ ግን መልሱን ቀድሞ ይዞ የሚመጣ ዓይነት ነበር። እንዲህ ያለው ጥርጣሬ በፊት ለፊት በር ላይ ጓጉንቸር ደርድሮ የጓሮውን በር ክፍት ይተዋል።

ያንኑ ሰዓት ምላጭ ልጅቷን ውኃ ልታጠጣ ወደ ሱቅ ወሰደቻት። ጋሽ ይጣራም ባለቤታቸውን ሻንጣው አጠገብ አቁመው፣ ምሰሶ ተደግፎ ወደቆመ ባለ ኮፍያ ሰውዬ አመሩ። ሰውየው ቀስ ብሎ መዳፉን ገለጠላቸው። በመዳፉ ላይ የባቡር ምስል የተቀረጸባቸው፣ ሳንቲም የሚያህሉ የነሐስ መግቢያዎች ነበሩ። አንዷ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጉዞ፤ ከትኬት መስኮቱም በጥቂቱ ትረክሳለች አላቸው።

ጋሽ ይጣራ አንዷን ተቀብለው መዘኗት። ጠርዟን በጥፍራቸው ፋቁ፣ በጥርሳቸው ሞከሯት፣ ድንጋይ ላይ ጥለው ድምፅዋን አዳመጡ። እውነተኛ ነሐስ ናት። ቀረጻው የሙያተኛ ነው። ወረቀት ማንም ያትመዋል፤ እንዲህ ያለውን መቅረጽ ግን እጅ ይጠይቃል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያታልላቸው ብረት ግን አንድ ቀን አታሏቸው አያውቅም። ለሦስቱም ገዙ።

«ብረት አይዋሽም» አሏቸው ለባለቤታቸው በኩራት። ልጅቷም ከሱቅ ስትመለስ ይህንኑ ደገሙላት። ምላጭ ገና ሱቁ ጋ የገንዘብ መልሷን እየተቀበለች ነበር።

መግቢያው በር ላይ ደረሱ። ጋሽ ይጣራ ነሐሷን የሚያስገቡበትን ቀዳዳ በዓይናቸው ፈለጉ፤ ሲያጡት እንደ ልማዳቸው በጣታቸው ጫፍ ፈለጉ። ማሽኑን ከላይ እስከ ታች እንደተቆለፈ ካዝና ዳበሱት። ቀዳዳ የለውም። ከኋላ ሰልፈኛው ማጉረምረም ጀመረ። የበሩ ተቆጣጣሪ ሴትዮ መጡና መዳፋቸውን አይተው ፈገግ አሉ።

«አባት፣ ይህ ከቀረ ቆየ እኮ። አሁን ወጣቶቹ አንገታቸው ላይ ነው የሚያንጠለጥሉት።» ከዚያም ልጅቷን አዩ። «ለእሷማ ድሮም አይከፈልም ነበር።»

ጋሽ ይጣራ ወደ ምሰሶው ዞሩ። ምሰሶው አለ፤ ባለ ኮፍያው የለም።

«አባባ፣ ብረት አይዋሽም አላልክም?» አለች ልጅቷ።

ባለቤታቸው ሻንጣውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ አላለም።

«አንተ ሰው፤ ይህን ሁሉ ዓመት ስትጠረጥር ክፉ ተናግሬህ አላውቅም። በራችን ላይ ሦስት ጓጉንቸር አለ። ሌባም አልገባ፣ ዘመድም አልገባ። እህቴ ነገ ቀዶ ሕክምና ትገባለች፤ መውጣቷን የሚያውቅ አንድ እግዜር ነው። ባቡሩን ከጠረጠርክ እዚሁ ቆይ። እኔ በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ።»

ጋሽ ይጣራ ነሐሶቹን በመዳፋቸው እንደያዙ ሄደው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በዚህ መካከል ምላጭ ውኃውን ይዛ መጣች፤ ነሐሶቹን አየች፣ ነገሩም ወዲያው ገባት።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ተረቱን ልናርመው ነው። ጠርጥረውም ተመነጠሩ።»

እትዬ በዓይናቸው ተቆጧት። ምላጭም ማብዛቷን አውቃ ይቅርታ ጠየቀችና ጋሽ ይጣራ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የሰፈራቸውን ትምህርት ቤት ዘበኛ ቁልፍ የሠራው ማን እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«እኔ ነኛ። ሌላ ማን አለ?»

«የስንት ክፍል በር ነው የሚከፍተው?»

«ሁሉንም።»

«ታዲያ ዘበኛው ሌባ ነዋ?»

«ምን ታወሪያለሽ አንቺ ልጅ? ቁልፉን የሚሰጠው የታወቀ ሰው ነው፣ ዳይሬክተሩ። ጠዋት ይረከባል፣ ማታ ይመልሳል። የጠፋ ነገር ቢኖር የሚጠየቀው ይታወቃል።»

ተናግረው ሲጨርሱ የራሳቸውን ቃል ሰሙት። ምላጭም ሌላ ጊዜ እንደምታደርገው አልሳቀችም።

«የቀን ትኬቱም እንደዚያው ነው፣ ጋሼ። ጠዋት ይወስዱታል፣ ማታ ያበቃል። ሰጪው መስኮት አለው፤ ነገም ተመልሰው ቢመጡ እዚያው ነው፣ ሊጣሉት ቢፈልጉም ያገኙታል። ባለ ኮፍያውን የት ያገኙታል? እርስዎ ብረቱን መረመሩ እንጂ ሰውየውን አልመረመሩትም።»

ጋሽ ይጣራ ነሐሶቹን ኪሳቸው ከተው ተነሡ። ወደ መስኮቱ የሄዱት አምነው አልነበረም፤ ለመጠየቅ ነው። ግን መልሱን ቀድመው ሳይዙ ሲጠይቁ የመጀመሪያቸው ነበርና ደህና አድርገው ጠየቁ። ትኬቱ ለስንት አዋቂ እንደሚሆን፣ አውቶቡሱንም ይጨምር እንደሆነ፣ ቢቀደድ ምን እንደሚደረግ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ስንት ሰዓት እንደሚያበቃ ጠየቁ። ሰልፉ አዛጋ። ትኬት ሻጩም ላቡን እየጠረገ መለሰላቸው፤ ያ ርካሽ ትኬት የጠዋቱ የሠራተኛ ግፊያ ካለፈ በኋላ ነው የሚሠራው፣ ትንሽ መቆየት አለባቸው።

ምላጭ ይህን አታውቅም ነበር። በእሷ ምክር ዝም ብለው ገዝተው ቢሄዱ ኖሮ በሩ ለሁለተኛ ጊዜ በመለሳቸው ነበር። ጭራሽ የሁለት ቀኑን እንዲገዙም አስባ ነበር፤ ጋሽ ይጣራ ግን በማግስቱ ወደ አውቶቡስ ተራ ከመመለስ በቀር ጉዞ እንደሌላቸው፣ ለዚያች ደግሞ ነጠላ ትኬት እንደሚበቃ አስቆጠሯት።

«ተማሪዋ ተማረች» አሉ።

«እርስዎም ተምረዋል ጋሼ፣ የነሐሱን ከፍለው» አለች፤ ግን ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

ሰዓቱ ደረሰ። ጋሽ ይጣራ ባለቤታቸውንና ልጅቷን አስቀድመው፣ በሩ ድንገት ቢዘጋ የሚያዘው እሳቸውን እንዲሆን ከኋላ ገቡ። በሩ ተከፈተ። ባቡር ቀይረው አውቶቡስ ተሳፈሩ፤ ያም እሺ አለ። በየመቀየሪያው ትኬቱን ከደረት ኪሳቸው ሲያወጡ ግንባራቸው ያልበዋል፤ በየመቀየሪያው ሲያልፉ ደግሞ ወደ ኋላ ዞር ብለው በሩን ያዩታል፣ ሐሳቡን ይለውጥ እንደሆነ። ልጃቸው ቤት ደርሰው ሕፃኑን አዩ። የሕፃኑን ጆሮ ረዘም ላለ ጊዜ ከመረመሩ በኋላ የእነሱ ዘር መሆኑን አጸደቁ። ከዚያም ባለቤታቸው ሳይጠይቋቸው፣ ራሳቸው ቀድመው ተነሡና ባርኔጣቸውን አነሱ።

ሆስፒታሉ ሲደርሱ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ነው። የጥየቃ ሰዓቱ ገና አላለቀም። ታላቅየዋ እህት በመስኮቱ በኩል ባለ አልጋ ላይ ነበሩ፤ ታናሻቸውን ሲያዩ እጃቸውን ዘረጉ። ሁለቱ እህትማማቾች ተቃቅፈው ቆዩ። ጋሽ ይጣራ እንዲህ ባለ ጊዜ ዓይናቸውን የት እንደሚያደርጉት አያውቁም፤ ጣሪያውን መረመሩ።

«በምን መጣችሁ? ሩቅ ነው እኮ» አሉ እህትየዋ በመጨረሻ።

ይህን የመለሱት ጋሽ ይጣራ ነበሩ። ትኬቱን አውጥተው በአጎራባች አልጋ ያሉት ሕመምተኞችም እንዲያዩት ከፍ አድርገው ያዙት። ሰው ከመግዛቱ በፊት በቀኑ ስንቴ እንደሚሳፈር ይቁጠር አሉ፤ ለአንድ ጉዞ ነጠላው ይበቃል፣ ብዙ ለሚዞር ቤተሰብ ግን የቀኑ ይረክሳል። ከመስኮት እንጂ ከምሰሶ ሥር አይገዛም። የሚጀምርበትን ሰዓት መጠየቅ ነው፤ ለሕፃናት ይከፈል አይከፈል መጠየቅ ነው፤ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። ወረቀቱም እስከ መጨረሻው ጉዞ አይጣልም። ስለ ነሐሱ ግን ትንፍሽ አላሉም፤ ልጅቷ ልትናገር ስትል ብርቱካን ሰጧት።

የጥየቃው ሰዓት ማብቂያ ደወል ተደወለ። ነርሷ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሕመምተኛዋ የታናሻቸውን እጅ አልለቀቁም።

«ነገ በጠዋት ነው የሚያስገቡኝ» አሉ። «እናንተ ነገ ትመለሳላችሁ አይደል?»

እትዬ ዞረው ባላቸውን አዩ። የነገዋ የመመለሻ ነጠላ ትኬት ተገዝታለች፤ የቁልፍ ሱቁም ሲመለሱ መከፈት አለበት። ጋሽ ይጣራ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«አንሄድም። ነገም የቀን ትኬት እንገዛለን። እስክትወጪ ድረስ በረንዳው ላይ ነን።»

«ሱቁስ?» አሉ ባለቤታቸው፣ ጆሮአቸውን ሳያምኑ።

«ተቆልፏል፤ ምን ይሆናል?»

ሰው ያልለመደውን ነገር ሁሉ እሺ ይበል አንልም። ነገር ግን መርምሮ መቀበልና ሳይመረምሩ መግፋት ለየቅል ናቸው። በመጀመሪያው ገንዘብ ይተርፋል፣ ጊዜ ይተርፋል፤ በሁለተኛው ግን ሰው ወጪ አዳንኩ ሲል ወገኑን ያጣል።

ነርሷ ሰዓቱ ማለፉን በትሕትና አስታወሰች። ታላቅየዋ እህት የተያዘውን እጅ ቀስ ብለው ለቀቁና ትራሳቸውን አስተካከሉ።

«ልጄ» አሉ ለነርሷ፣ «ነገ ስነቃ በረንዳ ላይ ሰዎች አሉኝ፤ መጥራት እንዳትረሽ።»