ውስጡ የሚታየው ኮዳ

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰሞን፣ ከሱሉልታ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ፣ ሄልሜት የታቀፈ ወጣትና አጠገቡ የተቀመጡ ሽማግሌ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ይሄ ቱቦ ያለው ምንድን ነው ልጄ?»

«የውሃ ኮዳ ነው አባባ። ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ላለበት ውድድር እየተለማመድኩ ነው። መሪው ላይ አስረዋለሁ፤ እየነዳሁ በቱቦው እጠጣለሁ።»

«ጀርባ ላይ የሚታዘልም አይቻለሁ እኮ።»

«አዎ፣ እሱ ብዙ ውሃ ይይዛል። እኔም እሱን ነበር የምፈልገው።»

«ታዲያ ምነው ተውከው?»

«ጓደኛዬ እሱን አዝሎ ሲነዳ ፍተሻ ላይ ወታደሮች ቁም አሉት። ቆመ።»

«እሺ?»

«እኛ ስንቆም መጠጣት ልማዳችን ነው። ሳያስበው እጁን ወደ ቱቦው ሰደደ።»

«ያ ዋቅ! ከዚያስ?»

«ተኮሱበት። እግሩን።»

«ውሃ ሊጠጣ ሲል?!»

«ውሃ መሆኑን ያወቁት፣ ሲወድቅ ያዘለው ኮዳ ፈንድቶ ሲፈስ ነው።»

«ምን ጉድ ነው የምትነግረኝ!»

«ለዚህ ነው ይሄን የገዛሁት። ውስጡ ከሩቅ ይታያል።»

ሹፌሩ «ፍተሻ ነው፣ መታወቂያ አዘጋጁ!» አለ።

ጥቁሩን የውሃ ኮዳዬን ቀስ ብዬ ከቦርሳዬ አወጣሁና ክዳኑን ከፍቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።