ይጠፋል የተባለው ደን

ያደግሁት ጎንደር ማገዶ ተሸክሜ እየሸጥሁ ነው። ርቦኝ እንኳ ከመንደራችን በላይ ያለውን ጥድ አልነካሁም፤ ካህናቱ ማንም እንዳይቆርጠው ገዝተውታል። አምና የወረዳችን ከተማ ትክል ድንጋይ ላይ ስብሰባ ተጠራን። አንድ ባለሙያ፣ ኮምፒውተር ከሳተላይት ፎቶ ተምሮ የትኛው ደን እንደሚመነጠር አስቀድሞ እንደሚናገር አሳየን። ፎቶው ላይ የእኛው ጥድ፣ ይመነጠራል ተብሎ፣ ቀይ ተቀብቷል። ጠባቂ ሊጨምሩልን ነው ብዬ ደስ አለኝ። የወረዳው የደን ኃላፊ ግን፣ «ይኸማ መጥፋቱ ካልቀረ፣ ጠባቂዎቹን ወደሚተርፈው ደን እናዛውር» አለ።

«ምነው ልጄ! ሰው ታመመ ሲባል ሐኪም ይጠራል ወይስ መቃብር ይቆፈራል?» አልሁት።

«አያ ታከለ፣ ኮምፒውተር እኮ አይዋሽም» ብሎ ሳቀ።

ጠባቂዎቹ ተነሡ። ግዝቱን የማያውቁ ሰዎች መጋዝና መኪና ይዘው መጥተው ጥዱን ጨረሱት። ኃላፊውን ገበያ ላይ አገኘሁት። «አላልኩዎትም፣ አያ ታከለ?» አለኝ፤ ትንሽ እንኳ ሳያፍር።