ሐጂ ሙዘይን ያስፈቱኝ ኮፍያ

በአስተማሪነት ቡታጅራ ተመድቤ ስመጣ ኪሮሽ ያስተማሩኝ ጎረቤቴ እትዬ ራህመት ናቸው። ለባለቤታቸው ለሐጂ ሙዘይን ነጭ ኮፍያ ጀምረው፣ ሳይጨርሱት ታመሙና ሞቱ። ከለቅሶው በኋላ ሐጂ ኮፍያውን ከነክሩ ይዘው መጡና፣ «ጨርሺልኝ የኔ ልጅ፤ የሷን እጅ የምታውቂው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

በሁለት ቀን ጨረስኩት። የእትዬ ራህመት የቱ ጋ አልቆ የኔ የቱ ጋ እንደጀመረ ማንም አይለየውም ብዬ ደስ ብሎኛል። ሐጂ ተቀበሉኝና ዙሪያውን በጣታቸው ቀስ ብለው ሲዳስሱ ቆይተው አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«እስከዚህ ራህመት ናት» አሉ።

አልተሳሳቱም። ደነገጥኩ። «አበላሸሁት እንዴ ሐጂ?»

«አላበላሸሽም፤ አላህ እጅሽን ይባርከው። ግን ፍቺልኝ። እሷ የሠራችው ይበቃኛል።»

እፊታቸው ቁጭ ብዬ የሠራሁትን በሙሉ ፈታሁት። እትዬ ራህመት ያቆሙበት ስደርስ እንዳይተረተር ጫፉን ቋጠርኩት። ኮፍያው አናታቸውን ብቻ ነው የሸፈነው። በመዳፋቸው ጫን አደረጉትና ለጁምዓ ሶላት ወደ መስጊድ ሄዱ።